የታናሽየው ቤት፣ የታላቅየው ጎተራ

«በታናሽ ወንድሙ የሚቀና አንድ ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ ጋሽ ደምመላሽ።

እየሩስ የጠየቀቻቸው ግን የመሥሪያ ቤቷን መረጃ ስለሚይዘው ኮምፒውተር፣ ስለ ሰርቨሩ ነበር። ብቻዋን አቁማ ለዓመታት የያዘችውን ሰርቨር አሁን አንድ አዲስ ባልደረባ ያሻሽለዋል፤ እሷ ደግሞ እሱ እጁን ከማሳረፉ በፊት ቢበላሽ ወደ ነበረበት ለመመለስ ዲስኩ ያለበትን ሁኔታ በስናፕሾት እየያዘች ታስቀምጣለች። ሲያዝ ምንም ቦታ የማይወስድ ስናፕሾት እንዴት አድርጎ ዲስኩን እንደሞላው፣ ሰርቨሩስ ለምን እንደተንቀራፈፈ አልገባትም። ሥራውን ያስተማሯት ጋሽ ደምመላሽ ስለሆኑ ወደ እሳቸው መጣች። እሳቸውም ታሪኩን ቀጠሉ።

የዚያ ሰው አባት ሲሞት ቤቱን ለታናሽየው ተወ። በአገሩ ልማድ ቤት የሚደርሰው ወላጆቹን ሲጦር ለኖረው ልጅ ነው። ታላቅየው ቀደም ብሎ ጎጆ ወጥቷል፤ ድርሻውንም በጊዜው ተቀብሏል። ቢሆንም ታናሹ በአባታቸው ደጅ ሲገባና ሲወጣ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ቤቱን ቢያገኘው ምን እንደሚያደርግበት እንኳ አያውቅም። ወንድሙ የኔ እንዳይለው ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ሽማግሌ ሰብስቦ የአባቴ ቤት እንደነበረ ይቆይልኝ አለ። ታናሽየው በበኩሉ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ልጅ ማሳደግ እንደማይችል ተናገረ። ሽማግሎቹ መከሩና ታናሽየው የፈለገውን ይለውጥ፣ ነገር ግን አዲሱን ከመትከሉ በፊት አሮጌውን ነቅሎ ለታላቁ ያስረክብ ብለው ፈረዱ። ታላቅየው አንድ ቀን ቢያሻው፣ የተረከበውን ከወንድሙ ዘንድ ሳይለወጥ ከቀረው ጋር ገጥሞ የአባቱን ቤት እንደገና ያቆመዋል።

ታላቅየው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ። በዚያን ዕለት በጎተራው ውስጥ ከእህል በቀር አንድ እንጨት አልነበረም፤ እሱ ግን የአባቴ ቤት እኔ ዘንድ ነው እያለ ማውራት ጀመረ። ይህን ያህል ነገር ያለ ምንም ቦታ የራሱ ማድረጉ ገርሞት ነበር።

ታናሽየው ታታሪ ነው። በሩን ለወጠ፤ አሮጌው በር መጣ። ክዳኑን ቆርቆሮ አደረገ፤ ሳሩ በአህያ ተጭኖ መጣ። ማገሩም መስኮቱም በየተራቸው መጡ። ታላቅየው አዲሱን ቆርቆሮ ሲያይ በቅናት ይበግናል፤ አሮጌውን ሲረከብ ደግሞ ያሸነፈ ይመስለዋል። እንጨቱ ሁሉ ከየት እንደተነቀለ ካላስታወሰ መልሶ መግጠም አይችልምና ቦታ ቦታቸውን በቃሉ ሲደጋግም ይውላል። ጭንቅላቱን የወንድሙ ቤት ሞላው። የገዛ በሬውን ለማን እንዳዋሰ ረሳ። ሚስቱ አንድ ነገር ስትጠይቀው የሚመልስላት ቆይቶ ሆነ።

አዝመራ ሲገባ ለጤፉ ቦታ ጠፋ። ሚስቱ ያንን የበሰበሰ ሳር እንጣለው ብላ ለመነችው። እሱ ግን ጤፉ ለጊዜው ደጅ ይቆይ አላት።

በዚያው ሰሞን ታናሽየው ጣሪያውን በድጋፍ አቁሞ፣ የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ አሸክሞ መጣ። ጎተራው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጭራሮ እንኳ አያስገባም።

«ወንድም ጋሼ፣ የት ላኑርልህ?» አለው።

ታላቅየው ዙሪያውን ቢያይ ቦታ የለም። ደጅ አኑረው እንዳይለው ምስጥ ይበላዋል። ሳሩን በእጁ እየገፋ ክፍተት ይፈልግ ጀመር። ታናሽየው ጥቂት ቆመና፣ ቤት አናጢው እየጠበቀው ስለሆነ ምሰሶውን ይዞ ተመለሰ። በማግስቱ ምሰሶው ተፈልጦ ማገዶ ሆነ።

ታላቅየው ጎተራው ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። በሩ አለ፣ ማገሩ አለ፣ ሳሩም አለ። ሁሉን የሚሸከመው ምሰሶ ግን የለም፤ ያለ ምሰሶ ደግሞ የአባቱ ቤት አይቆምም። ያን ሁሉ ዘመን የሰበሰበው በአንድ ጊዜ የእንጨት ክምር ሆነበት። ያልታሰበ ዝናብም ጣለና ደጅ ያደረው ጤፍ በቀለ።

ሚስቱ የበቀለውን ጤፍ በእፍኟ ይዛ መጣች። አልጮኸችበትም።

«አባትህ ቤቱን ለወንድምህ ቢተው፣ ላንተ አስቀድሞ የሰጠህ እኮ ይህንን ጎተራ ነበር» አለችው።

ጋሽ ደምመላሽ ወደ እየሩስ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ጎተራው ዲስክሽ ነው። ስናፕሾት ስትይዢ በመጀመሪያው ቀን ያለሽ የሽማግሎቹ ውል ብቻ ነው፤ ባዶ የመሰለሽ ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ባልደረባሽ አንድ ነገር በለወጠ ቁጥር አሮጌው ወደ አንቺ ይመጣል። የትኛው ከየት እንደተነሳ ማስታወሱ ደግሞ ሜሞሪውን ይበላዋል፤ መንቀራፈፉም ከዚህ የመጣ ነው። ለስናፕሾቱ የሰጠሽው ቦታ ሞልቶ አንዲት ለውጥ ካመለጠችው፣ የያዘው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ከከባድ ሥራ በፊት ያዢ፤ ሥራው መሳካቱን ስታዪ ሰርዢ።»

እየሩስ እሱ ቢያበላሸውስ ብላ ተከራከረች።

«እስከ ዛሬ አበላሽቶ ያውቃል?»

አንድም ቀን አላበላሸም። እንዲያውም የሚያንገበግባት ይኸው አለማበላሸቱ እንደሆነ ቀስ ብላ ነገረቻቸው።

«እንግዲያው ስትይዢ የኖርሽው ቅናትሽን ነው» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። «እሱም ሲጀምር ምንም ቦታ አይወስድም።»