አፈር የማልበስ ትምህርት

በቆላው ጫካ፣ ጅብ በነገሠበት ዘመን፣ ሁሉ ነገር ሥርዓት ነበረው። ውሃ የሚጠጣው በተራ ነው፤ የሚጮኸው በፈቃድ ነው፤ ዓይነ ምድርም የሚወጣው በአንድ ሜዳ ላይ፣ በገሃድ፣ ሳይሸፈን ነው። የሦስተኛው ሕግ ምክንያት በየዓመቱ በጉባኤ ይነገራል። «ዓይነ ምድር የተባለው ምድር በእርሱ ስለምታይ ነው» ይላል ጅቡ። «የሆዱን ያልሸሸገ ተገዥ የልቡን አይሸሽግም።» የጅቡ የራሱ ኩስ ከአጥንት ብዛት እንደ ኖራ የነጣ ስለነበር፣ በሜዳው ራስጌ ለብቻው ተከምሯል። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

የሜዳው ተቆጣጣሪ ቀበሮ ነበር። በየማለዳው ከአንዱ ወደ አንዱ እያሸተተ ይዞርና ማን እንደጠገበ፣ ማን እንደጾመ፣ የማን ልጅ ሆዱን እንደታመመ ለጌታው ይነግራል። የታመመው ልጅ ብዙ ጊዜ በማግስቱ አይገኝም። ሚዳቋ የበኩር ልጇን ያጣችው እንዲህ ነው። ቀበሮ ሊያጽናናት መጥቶ «ደካማ ነበረ፤ ጌታችን ከሥቃይ ገላገለው» አላት። እርሷም አመሰገነች።

በዚያው ዓመት ዳለቻ የምትባል አመድማ ድመት በወንዙ ዳር፣ ከአንድ ቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ፣ ሁለት ወንዶች ወለደች። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ቦቃ፣ ጭንቅላቱ ነጭ የሆነውን ሻሾ አለቻቸው። በእግራቸው እስኪቆሙ ድረስ እየላሰች ታጸዳቸው ስለነበር ከጎሬው ሽታ አይወጣም ነበር። ወር ሲሞላቸው ግን ሥጋ መቅመስ ጀመሩ። ዳለቻም የሚዳቋን ልጅ አሰበች።

ከቋጥኙ ጀርባ ወንዙ ትቶት የሄደ ደረቅ አሸዋ ነበር። በልተው በጨረሱ ቁጥር፣ ከእንቅልፍ በነቁ ቁጥር፣ ማጅራታቸውን በአፏ ይዛ ወደዚያ ትወስዳቸዋለች። በፊት እግሯ ትጭራለች፤ ትሸፍናለች፤ ታሸታለች፤ ሽታ ካለ እንደገና ታለብሳለች። ቦቃ በሦስት ቀን ገባው። ሻሾ ግን አሸዋው ላይ ሲንከባለል ይቆይና ተመልሶ መኝታው ላይ ይለቀዋል። ዳለቻ አትቆጣም። የቆሸሸውን ሣር በአፏ ተሸክማ አሸዋው ላይ ትጥለዋለች፤ ቦታውን አሽትቶ እንዲያውቀው።

«እማ፣ የጦጣ ልጆች ሜዳው ላይ ነው የሚለቁት» አላት ሻሾ አንድ ቀን። «ማንም አይቀብርም። እኛ ብቻ ምን ሆነን ነው?»

«እኛ ጥፍር አለን፣ ልጄ።»

«ጃርትም እኮ ጥፍር አለው።»

ዳለቻ ወደ አሸዋው ዞረች። «ና፣ ጫር» አለችው።

ሌላ ወር ሳይሞላ ቀበሮ በሜዳው የድመት ኩስ እንደሌለ አስተዋለ። ጉባኤ ተጠራ።

«ይህች ሴት ልጆቿን ምን እንደምታበላቸው መንግሥት አያውቅም» አለ ቀበሮ። «ይታመሙ ይዳኑ አናውቅም። የማናውቀውን እንዴት አድርገን እንጠብቃለን?»

ጃርት እሾሁን አስተኝቶ ተነሣ። «ንጽሕናን አልቃወምም። ነገር ግን አንዱ ሲሸፍን ያልሸፈነው ሁሉ ባለጌ ይመስላል። ይህ ለእኛ ስድብ ነው።» ጉባኤው በሆታ ተቀበለው።

ጅቡ ወደ ዳለቻ ዞረ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «አንቺ፣ ከእኔ የምትደብቂው ምን አለሽ?»

«የልጆቼን ኩስ ነው፣ ጌታዬ።»

ሳቅ ሊነሣ ነበር፤ ጅቡ ስላልሳቀ ግን ሳቁ ታፈነ። ዳለቻ ወደ ሚዳቋ ተመለከተች። ሚዳቋ አንገቷን ደፍታ ትግጥ ነበር። በቆመችበት ቦታ ግን ሣር አልነበረም።

ከልጆቹ አንዱ በሜዳው እንዲያድግ፣ እናቲቱንም ማንም እንዳያነጋግራት ተፈረደ። ቀበሮ ጎሬው ደጃፍ መጥቶ «የቱ ነው የሚሄደው?» ሲል ሻሾ ራሱ ወጣ። «እዚያ ልጆች አሉ፣ እማ» አላት። ደስ ብሎት ነበር።

ሻሾ በሜዳው ተወደደ። ቀበሮ በየጉባኤው ከፊት እያቆመ «ግልጽ ልጅ» ይለዋል። ዳለቻ ከቋጥኙ ጫፍ ላይ ሆና ታየዋለች። ውሃ ልትጠጣ ስትወርድ የሚጠጡት ይነሣሉ፤ ጃርት እንኳ ጥሙን ሳይቆርጥ ይሄዳል። የምታናግረው ቦቃን ብቻ ነበር። ቦቃም ጎለመሰና፣ የወንድ ድመት ነገር ሆኖ፣ አንድ ማለዳ ወንዙን ተሻገረ። አልጠራችውም። ማዶ ቀበሮ አይደርስም።

በክረምቱ መግቢያ ሻሾ የሞተ ዓሣ በልቶ ሆዱ ተበጠበጠ። ሜዳው ላይ፣ በገሃድ፣ እንደተማረው ለቀቀው። ቀበሮ አሸተተውና ወደ ጅቡ ዋሻ አቀና። ዳለቻ ይህን ከቋጥኙ ላይ አየች፤ እየሮጠች ወረደች፤ ሜዳው ግን ሩቅ ነበር። ስትደርስ ያገኘችው የተረገጠ ሣር ነው። ሻሾ የተወው ነገር እዚያው ነበር። ዳለቻ በሁሉም ፊት መሬቱን ጫረችና አፈር አለበሰችው። የከለከላት የለም፤ የቀረባትም የለም።

ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ሲያባራ ወደ አሸዋው ትወጣለች። ትጭራለች፤ ጉድጓዱን ታየዋለች፤ መልሳ ትደፍነዋለች። ጎሬው ለአንድ ድመት በጣም ሰፊ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሚዳቋ አዲስ ግልገሏን አስከትላ ከቋጥኙ ጀርባ ብቅ አለች።

«እመት ዳለቻ» አለች። ዳለቻ በስሟ ከተጠራች ወራት አልፈዋል።

«ይህ ልጅ ከትናንት ጀምሮ ሆዱን ያመዋል። ሜዳ አልወሰድኩትም። አስተምሪኝ።»

ዳለቻ ከቦታዋ ስላልተነሣች ሚዳቋ በራሷ ሞከረች። ሰኮናዋ አሸዋውን ወጋው እንጂ አልጫረውም። ደጋግማ ሞከረችና ቆመች። «ለዚህ አልተሠራም» አለች ሰኮናዋን እያየች።

ዳለቻ ልትላት የምትችለው ብዙ ነገር ነበር። ጉባኤውን ልታነሣባት ትችል ነበር፤ ሻሾን ልታነሣባት ትችል ነበር። ግልገሉ ግን መጠበቅ አልቻለም፤ አሸዋው ላይ ቆሞ ለቀቀው፤ እናቱንም በፍርሃት አያት። ዳለቻ ተነሥታ ቀረበች። በፊት እግሯ ሸፈነችው፤ አሸተተችው፤ ጥቂት አሸዋ ጨመረችበት።

«ነገም አምጪው» አለቻት፣ ቀና ብላ ሳታያት።