የራሱን እንቅልፍ ያላየው ሹፌር

አንድ ስመ ጥር የመኪና ውድድር ሹፌር ነበር። ስሙ ዳምጠው ይባላል። የሚወዳደረው ከደጋ ተነስቶ፣ ገደሉን ወርዶ፣ የቆላውን ሜዳ አቋርጦ በአንድ የጨው ሐይቅ ዳር በምትገኝ ትንሽ ከተማ በሚያልቀው ረጅም ውድድር ላይ ነው። ውድድሩ ቀናት ይፈጃል። በእያንዳንዱ መኪና ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከጎኑ ሆኖ መንገዱን ይመራዋል። "ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፣ ጉድጓድ አለ፣ ቀስ በል" ይለዋል። የዳምጠው መንገድ መሪ ይትባረክ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር።

ሁለቱ ለዓመታት አብረው ተወዳድረዋል። አሸንፈዋል፣ ተሸንፈዋል፣ አንድ ጊዜም ተገልብጠው በመስኮት እየተጓተቱ ወጥተዋል። አንድ ዓመት ግን ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ እየመሩ ሳሉ፣ ይትባረክ "አቁም፤ ትንሽ ረፍ" አለው። ዳምጠው እያጉረመረመ አቆመ። ፊቱን ታጥቦ ጥቂት አረፍ ብሎ ሲነሳ ሌላ መኪና አልፏቸው ሄዷል። ሁለተኛ ወጡ።

"ያሸነፈኝ ያ ሰውዬ አይደለም፤ አንተ ነህ" አለው ዳምጠው፣ ሕዝቡ ለሌላው ሲያጨበጭብ እየሰማ።

"ዓይንህ እየተከደነ ነበር እኮ።"

"የገዛ ዓይኔን ከእኔ በላይ ልታውቅ?"



በሚቀጥለው ዓመት ዳምጠው ብቻውን ለመወዳደር ቆረጠ። መንገዱን በስክሪን የሚያሳይ፣ ጥምዝ ሲመጣ በድምፅ የሚናገር መሣሪያ ገዝቶ አስገጠመ። ከዚያ ይትባረክ ቤት ሄዶ ነገረው። "መሣሪያው አይራብም፣ አይከራከርም፣ ክብደትም የለውም" አለው እየሳቀ። ይትባረክ እንደ ቀልድ ሊወስደው ሞከረ፤ አልሆነለትም። እስከ በር ሸኘውና "በሰላም ግባ" ብቻ አለው።

መነሻው ላይ ዳኛው ባዶውን ወንበር አይተው ጠየቁት።

"ጓደኛህስ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ሕጉ አይከለክልም" አሉ ዳኛው። "ግን አንድ ነገር ልብ በል። ብቻውን የተነሳ ብቻውን መጨረስ አለበት። መንገድ ላይ ሰው ከጫንክ ከውድድሩ ወጣህ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ብቻውን ነድቶ የጨረሰ ሰው ደግሞ የለም።"

"እንግዲያው የመጀመሪያው እሆናለሁ" አለ ዳምጠው፤ ነገሩ ከማሸነፍም በላይ ጣፈጠው።

ሲጀመር ሁሉም ነገር አማረለት። መኪናው ቀሏል። መሣሪያው ሳይሳሳት ይናገራል። ገደሉን ሲወርድ ሁሉንም ጥሏቸው ሄደ። በየመንደሩ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ "ብቻውን! ብቻውን!" እያለ ይጮህለት ጀመር። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ማታ ማታ ከሰፈሩበት ቦታ ሆነው "ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም" እያሉ በቅናትም በቀልድም ያነሱት ነበር። ጥንድ ጥንድ ሆነው እራታቸውን ሲበሉ በጥምዙና በጉድጓዱ ይካሰሳሉ፣ ይሳሳቃሉ። ዳምጠው መኪናውን ተደግፎ ቆሞ ይበላል። ይህንንም ሰላም ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ቀኑን ሙሉ ቃል ሳይተነፍስ መዋልን እየለመደው ሄደ።

በመጨረሻው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ የቆላው ሜዳ ውስጥ ነበር። እየመራ ነው። ሜዳው ጥምዝ የለውም፣ ጉድጓድ የለውም፤ ስለዚህ መሣሪያውም የሚናገረው አልነበረውም። ሙቀቱ ከመሬት እየተነሳ አድማሱን ያወዛውዘዋል። ዳምጠው መስኮቱን ከፈተ። ፊቱ ላይ ውሃ አፈሰሰ። ትንሽ አንጎራጎረ። ድካም የሚባል ነገር አልተሰማውም፤ እንዲያውም ሰውነቱ ሁሉ ቀለል ብሎት ደስ አለው።

ቀጥሎ የሰማው የመኪናው ኮፈን በዱላ ሲደበደብ ነው።

መኪናው ቆሟል። ሞተሩ እየሠራ ነው። ፊት ለፊቱ ሽርጥ ያገለደሙ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ከፍ አድርገው ቆመዋል።

"ውረድ!" አሉት።

"ምን ሆነዋል አባት? መንገድ ላይ ገብተው ይቆማሉ እንዴ?"

"መንገድ? የታለ መንገዱ?"

ዳምጠው ወጥቶ ዙሪያውን ተመለከተ። መንገድ የለም። ጎማውን እስከ ግማሹ ድረስ አሸዋ ውጦታል። መንገዱ ከሩቅ፣ ከግራር ዛፎቹ ማዶ፣ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። መኪናው ውስጥ መሣሪያው "ወደ መንገዱ ይመለሱ፣ ወደ መንገዱ ይመለሱ" ይላል፤ መቼ እንደጀመረ አያውቅም።

አዛውንቱ ሑመድ ይባላሉ። የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ አማርኛውን ገበያ ሲመላለሱ ነው የለመዱት። የዳምጠውን ክንድ ያዙና ጎማው ባወጣው መስመር ወደ ኋላ ይዘውት ሄዱ። "እየው" አሉት። "የራስህን ዱካ እየው።"

ዱካው ከመንገዱ የወጣው በድንገት አልነበረም። ወዴት እንደሚሄድ በሚያውቅ ሰው እርጋታ ቀስ ብሎ ነው የታጠፈው። የአዛውንቱን ፍየሎች የእሾህ አጥር ጥሶ አልፏል። ከዚያ ወደ አንድ ትልቅ ግራር ያመራል። ከግራሩ ሥር የሰሌን ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ጎማው የምንጣፉን ጠርዝ ረግጦ አሸዋው ውስጥ ቀብሮታል። ምንጣፉ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። የአዛውንቱ ልጅ ናት፤ ስሟ ዓሻ። ጭኗ ላይ ሕፃን ተኝቷል። ሕፃኑ ምንም አልሰማም፤ ያው እንደተኛ ነው። እናቱ ግን አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከዱካው ሳትነቅል ትንፋሿን ትሰበስባለች።

ዳምጠው ዱካውን በዓይኑ ተከተለ። ያንን አጥር ሲጥስ አላየም። ያንን ዛፍ አላየም። ሴትዮዋን አላየም። አፉ ግን ከልቡ ቀድሞ "አልተኛሁም" አለ።

"እኔም ከግመል ላይ የወደቅሁ ቀን አልተኛሁም ብያለሁ" አሉ ሑመድ።

ዓሻ በቋንቋዋ አንድ ነገር ጠየቀች። አባቷ ወደ ዳምጠው ዞሩ።

"አብሮህ የነበረው ሰው የት ወደቀ ነው የምትልህ። ከወንበሮቹ አንዱን ባዶ አይታ።"

"ማንም አልወደቀም። ብቻዬን ነኝ።"

ሑመድ ነገሯት። እሷ አላመነችም፤ ደግማ አስጠየቀችው።

"ይህን ሁሉ አገር፣ በዚህ ፀሐይ፣ ብቻህን? ሰው ጠልቶህ ነው?"

ዳምጠው ምንጣፉ አጠገብ ተንበረከከና በማታውቀው ቋንቋ ይቅርታ ለመናት። እሷ ሕፃኑን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ከዚያ ተነስቶ የተጣሰውን አጥር በእጁ ይሰበስብ ጀመር። እሾህ መዳፉን ወጋው፤ አልተወውም። በዚያ መሃል ከሩቅ መንገዱ ላይ አቧራ ተነሳ። አንድ መኪና አለፈ። ቆየት ብሎ ሌላ። ሁለተኛው መኪና ሲያልፍ ቀና ብሎ እስኪጠፋ አየው፤ ከዚያ ወደ አጥሩ ተመለሰ።

አጥሩ ሲያልቅ ሑመድ ከሌላ ዛፍ ሥር ቦታ አሳዩት። "ተኛ" አሉት። "መኪናህን ማንም አይነካውም።" ተኛ። ሲነሳ ጥላው ረዝሞ ነበር። ጭንቅላቱ ጠርቷል። አዛውንቱና ጎረቤቶቻቸው አሸዋውን ጠርገው መኪናውን ገፉለት፤ መንገዱ ድረስም ሸኙት።

ውድድሩ ገና አልተዘጋም። ማሸነፉ ቀርቷል፤ ግን ብቻውን የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው መባል ይችላል። ያንን ስም የሚነጥቀው የለም። ሞተሩን አስነሳ። ከፊቱ ያው ሜዳ፣ ያው ቀጥ ያለ መንገድ፣ በየርቀቱም ያው ግራር አለ። ከየግራሩ ሥር ማን እንደተቀመጠ ከዚህ ሆኖ አይታይም። ሞተሩን አጠፋውና ወረደ።

"አባት፣ እስከ ከተማው አብረውኝ ይሂዱ። ያጫውቱኝ። ዓይኔ ሲከደን ካዩ በዚያ ዱላ ይበሉኝ።"

"ተኝተህ ተነስተሃል እኮ።"

"ተነስቻለሁ። ግን እንቅልፉ ቅድም ሲመጣ አልነገረኝም። አሁንም አይነግረኝም።"

"ውድድርህስ?"

"ሰው ከጫንኩ አለቀ።"

ሑመድ ትንሽ አሰቡ። ወደ ልጃቸው ዞረው ጮክ ብለው ነገሯት፤ እሷም ከሩቅ መለሰችላቸው። "ሂድ፣ አለዚያ የሌላ ሰው አጥር ይጥሳል አለች" አሉና እየሳቁ ገቡ። ዳምጠው ቀበቶውን አሰረላቸው።

መንገዱን ሁሉ አወሩለት። ስለ ግመሎቻቸው ጠባይ፣ ስለ አንድ ክፉ የድርቅ ዓመት፣ ዓሻ ልጅ ሳለች ጅብ ስላባረረችበት ቀን። ኮረብታ ባዩ ቁጥር ስሙን ይነግሩታል። አንድ ጊዜ ዓይኑ ፈጦ እየነዳ ሳለ ጎኑን በዱላ ጎሸም አደረጉት።

"ነቅቻለሁ እኮ!"

"ዝም ስትል ፈራሁ" አሉት።

ዳምጠው ሳቀ። ውድድሩ ከተጀመረ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

መድረሻው ላይ ሕዝቡ ብቻውን የሚመጣውን ሹፌር ለማየት ቆይቶ ነበር። መኪናው ሲቃረብ ጭብጨባው ተጀመረ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ታዩ፤ ጭብጨባው ቆመ፤ አንዳንዱም ይስቅ ጀመር። ዳኛው ቀረቡ።

"ሕጉን ነግሬህ ነበር።"

"ነግረውኛል። አውቄ ነው የጫንኳቸው።"

ዳኛው ሊገስጹት የነበረውን ትተው ስሙን ሰረዙት።

ይትባረክ ከሕዝቡ መሃል ነበር። ከቀትር ጀምሮ መንገዱን ሲያይ ውሏል። ቀርቦ የዳምጠውን ፊት፣ ከዚያ በእሾህ የተወጋጋውን መዳፉን ተመለከተ።

"ምን አገኘህ?"

"ተኝቼ ነበር" አለ ዳምጠው። "እየነዳሁ ተኝቼ ነበር፣ ይትባረክ። አንዲት እናት ከነልጇ ልገድል ነበር።" 

ይትባረክ "ነግሬህ አልነበር?" አላለውም። ዞር ብሎ የአዛውንቱን ቀበቶ ፈታላቸውና ክንዳቸውን ይዞ አወረዳቸው፤ ውሃ አቀረበላቸው። ሲጠጡ ከጎናቸው ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ።

"አባትን ወደ ቤታቸው እናድርሳቸው" አለ በመጨረሻ። "በእኔ መኪና እንሂድ፤ ሦስታችንንም ይይዛል። እኔ እነዳለሁ።"

"እኔስ?"

"አንተ እያየኸኝ ትሄዳለህ።"

ወዳጄ፣ የዚህ ታሪክ ትምህርት ሩቅ አይደለም። እንቅልፍ የያዘው ሰው እንቅልፍ እንደያዘው የሚያውቀው ከነቃ በኋላ ነው። ቁጣም እንዲሁ ነው፤ ትዕቢትም፣ መሰላቸትም። ቀስ ብለው ይገባሉ፤ የሚገቡበት ሰው እንዲያውም ቀለል ያለው ይመስለዋል። መንገዱን የሚያሳየን ነገር በዘመናችን ሞልቷል፤ ፊታችንን አይቶ "አቁም" የሚለን ግን ከጎናችን የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ቃሉ ደስ ላይል ይችላል። አንደኝነትንም ሊያስቀርብን ይችላል። ሆኖም ያን ሰው ከመኪናችን ስናስወርድ አደጋው የሚደርሰው በእኛ ብቻ አይደለም፤ ስማችንን እንኳ ሳያውቁ ከየዛፉ ሥር ያረፉ ሰዎች አሉ።

አንተስ፣ አንቺስ፣ "አቁም" የሚል ሰው ከጎናችሁ አለ? ካለ፣ ባለፈው ሲናገር ምን መለሳችሁለት?