ለወንዝ የቆመው ጠበቃ

አንድ ጠበቃ ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ ጥብቅና የቆመው ለውሃ ነው።

ስለዚህ ሰው የምነግርሽ፣ ልጄ፣ ትናንት ስትመጪ ስለጠየቅሽኝ ነው። «አባባ፣ ያከምኳቸው ሰዎች ተሰብስበው በእኔ ላይ ከፈረሙ፣ ድካሜ ለማን ነበር?» አልሽኝ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለሕመምተኛ አይሰጥም ብለሽ ስለተከራከርሽ ከጤና ጣቢያው እንዳገዱሽ፣ «ሐኪሟ በድላናለች» በሚለው ወረቀት ላይም በእጅሽ የዳኑት ሰዎች ስም እንደሰፈረ ነገርሽኝ። ዛሬ ይህ ጠበቃ ትዝ አለኝ።

ሥራ ሲጀምር እንደ ሌሎቹ የውርስና የድንበር ክርክር ነበር የሚይዘው። ኑሮውም ደህና ነበር። አንድ ቀን የአንድ ቀበሌ ሴቶች ባዶ ጀሪካን እንደያዙ ቢሮው መጡ። ከድሮ ጀምሮ የሚቀዱበትን ምንጭ አንድ ባለሀብት ወደ አበባ እርሻው ከልሎ አጥሮባቸው ነበር። ጠበቃው ጉዳያቸውን ያዘና ረታ። አጥሩ ፈረሰ፤ ሴቶቹ እልል እያሉ ቀዱ። ያን ቀን የተፈጠረበትን ሥራ ያገኘ መሰለው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባለሀብቱ ከምንጩ በላይ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። ምንጩ ነጠፈ። በራሱ ይዞታ ላይ የቆፈረውን ሰው የሚከለክል አንቀጽ ተፈልጎ ታጣ። ሴቶቹም ጀሪካናቸውን ይዘው የሁለት ሰዓት መንገድ መሄድ ጀመሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃው ነበር። እሱ ግን የውርሱንም የድንበሩንም ነገር እየተወ፣ የውሃ ክርክር ብቻ መያዝ አመጣ። አሸዋ ሲዛቅበት ዳርቻው የተናደ ወንዝ፣ የከተማ ቆሻሻ የተደፋበት ጅረት፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። አንዱን ሲያሸንፍ ሦስቱን ይሸነፋል። የሙያ ጓደኞቹ «የወንዝ አማች» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቅና ወደ መዝገቡ ይመለሳል።

ከሁሉም የከበደው የቆዳ ፋብሪካው ክርክር ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ፋብሪካው ከአንድ ወንዝ ዳር ተተክሎ፣ ቆዳ ያለፋበትን ውሃ በቱቦ ወደ ወንዙ ይለቅ ነበር። መጀመሪያ ዓሣው አለቀ። ቀጥሎ ከወንዙ የሚጠጡት ከብቶች ጽንስ ይጥሉ ጀመር። ከዚያ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እጅ ይላጥ ጀመር።

ክሱን መጀመሪያ ያነሳሱት አያ ሽባባው የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። በአንድ ክረምት ሦስት ላሞች ሞተውባቸዋል። ጠበቃውን እጁን ይዘው ወደ ወንዙ አወረዱትና፣ «እስቲ ጎንበስ ብለህ አሽትተው» አሉት። «ይህ አሁን ውሃ ነው?» ጠበቃው አሽትቶ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከሽታው ይሁን ከሐዘን እሱም አላወቀውም። ያን ዕለት ቃል ገባላቸው።

ክርክሩ ተንዛዛ። ዛሬ ቀጠሮ፣ ነገ ቀጠሮ። ዳኛ ተቀየረ፤ መዝገብ ጠፋ፤ ተገኘ። ፋብሪካው ውሃው ንጹሕ ነው የሚል የምርመራ ወረቀት አመጣ፤ ጠበቃው ደግሞ መርዝ ነው የሚል አመጣ። ችሎቱ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ተቸገረ።

ጠበቃው ግን አንድ ጠርሙስ ውሃ ነበረው። ፍርድ ቤቱ በላከው ሰው ፊት ከቱቦው አፍ የተቀዳ ነው። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ቱቦውን መሬት ውስጥ ቀብሮ ዙሪያውን ስላጠረው፣ ሌላ የሚቀዳበት መንገድ አልነበረም። ጠርሙሱ በኤግዚቢትነት ተይዞ፣ በየችሎቱ ከዳኞቹ ፊት ይቀመጣል። ቆሻሻው ከስሩ ስለረጋ፣ ላየው ኩልል ያለ ውሃ ነው። የመረመረው ባለሙያ ግን፣ «በእጅህ እንኳ እንዳትነካው። ሰው ቢጎነጨው አንጀቱን ይልጠዋል» ብሎ ጠበቃውን አስጠንቅቆታል።

የፋብሪካው ምስክሮች መቅረብ ሲጀምሩ የጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ። «ንጹሕ ነው ካሉ፣ እባክዎ ይቅመሱት።» ሥራ አስኪያጁ አልጠጣም አለ። የፋብሪካው ኬሚስት ጠርሙሱን ለመያዝ እንኳ እጁን ሰበሰበ። ታዳሚው ሳቀ፤ ዳኞቹም ጻፉ። ጠበቃው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚረታ አመነ።

በመጨረሻው ቀጠሮ ፋብሪካው አንድ ምስክር ቀረኝ አለ። በሩ ተከፈተ። የገቡት አያ ሽባባው ነበሩ።

ጠበቃው መጀመሪያ የተሳሳቱ መሰለው። ሁለቱ ልጆቻቸው ፋብሪካው ውስጥ መቀጠራቸውን ሰምቶ ነበር፤ ከብቱ ካለቀና ጓሮው ካረረ ወዲያ በዚያ አገር ሌላ መተዳደሪያ አልነበረምና አልፈረደባቸውም። ለምስክርነት ይመጣሉ ብሎ ግን አላሰበም። ሽማግሌው ማሉ፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር።

«ስለ ወንዙ የሚያውቁትን ይናገሩ» አሏቸው የመሐል ዳኛው።

«ደህና ውሃ ነው።»

«ሞቱ የተባሉት ከብቶችዎስ?»

«በሽታ ነው የገደላቸው። ከብት መሞቱ አዲስ ነገር አይደለም።»

ጠበቃው ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሳ። ወንዝ ዳር የገባላቸውን ቃል፣ የተዋቸውን ደንበኞች፣ የባከነውን ዕድሜ አሰበና እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቶ አያውቅም። ልማዱ ቀደመውና ጠርሙሱን አንስቶ፣ «እንግዲያው ይቅመሱታ፣ አያ ሽባባው» አላቸው።

እምቢ ይላሉ ብሎ ነበር የጠበቀው። ሽማግሌው ቀና ብለው ፊቱን አዩት። ከዚያ ጠርሙሱን ተቀበሉ፤ ክዳኑን ፈቱ፤ ወደ አፋቸው አነሱት።

የፋብሪካው ጠበቃ አልተቃወመም፤ ዳኞቹ ብዕራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ጠበቃው ያን ጊዜ ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። አንዲት ጉንጭ ብትወርድ ሽማግሌው እዚያው ይወድቃሉ። እሳቸው ከወደቁ ክርክሩ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ የምርመራ ወረቀት የሚያነብ ዳኛ የለም። እሱ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ዝም ማለት ይበቃዋል።

ጠርሙሱ ከንፈራቸውን ሊነካ ሲል ጠበቃው ዘሎ በእጁ መታው። ጠርሙሱ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

የፋብሪካው ጠበቃ ወዲያው ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት ይመዝግብልኝ» አለ። «ምስክሩ ሊጠጡ ፈቃደኛ ነበሩ። ውሃው ምንም እንደማያደርጋቸው ስለሚያውቅ የከሳሽ ጠበቃ ከለከላቸው።» የመሐል ዳኛውም፣ የከሳሽ ጠበቃ ማስረጃውን በገዛ እጁ እንዳጠፋ አስመዘገቡ። የጽዳት ሠራተኛዋ ገብታ ስብርባሪውን ጠረገች፤ ወለሉንም ወለወለች።

በወሩ ክሱ ውድቅ ሆነ። ይግባኙም አልተቀበሉትም። የወንዙ ዳር ሰዎች ጠበቃውን ፋብሪካው ገዝቶታል ብለው አወሩ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙት ፊታቸውን ያዞሩበት ጀመር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አያ ሽባባው ቢሮው መጡ። ይቀመጡ ቢላቸው አልተቀመጡም።

«ለምን ከለከልኸኝ?» አሉት።

«ይሞቱ ነበራ፣ አያ ሽባባው!»

«አውቃለሁ። ያን ውሃ ከአንተ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ።» በበትራቸው ተደግፈው ቀጠሉ። «መጥፎ ነው ብል ልጆቼን በማግስቱ እንደሚያባርሯቸው ነግረውኛል። ስለዚህ ደህና ነው አልኩ። ጠርሙሱን ስትሰጠኝ ግን ደስ አለኝ። በአፌ የዋሸሁትን ሆዴ ይናገርልኛል አልኩ። ልጆቼም ከሥራቸው አይወጡ፣ ወንዙም ይተርፍ ነበር። አንተ ከእጄ ጣልህብኝ።»

ጠበቃው ከሃዲ ብሎ የጠላቸው ሰው ምን ይዘው እንደቆሙ ያን ጊዜ ገባው። «ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ምኑን ይቅር ልበልህ? የወለድኩህ ልጅ ብትሆን ከዚያ የበለጠ አታደርግልኝም» አሉት ሽማግሌው። «ወንዙን ግን አጣነው።» ይህን ብለው ወጡ።

በሦስተኛው ዓመት አያ ሽባባው በሆድ ሕመም ሞቱ። የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ከወንዙ ስር የሚመጣ ነበር። ጠርሙሱ በአንድ ቀን የሚያደርገውን ጉድጓዱ ቀስ ብሎ አደረገው። ጠበቃው ቀብራቸው ላይ ከሰው ራቅ ብሎ ቆመ፤ ለልጆቻቸው አባታቸው ያሰቡትን ሊነግራቸው ፈልጎ ነበር፣ ሆኖም ነገሩ ቢሰማ ከፋብሪካው ይባረራሉ ብሎ ዋጠው። ከዚያም በኋላ እስኪያረጅ ድረስ ለሌሎች ወንዞች ተከራከረ። የረታቸው በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ከእነዚያም ውሃቸው የጠራው ያንሳሉ። የአያ ሽባባው ወንዝ ዛሬም ጠቁሮ ይወርዳል።

አየሽ ልጄ፣ አንቺም እንደዚያ ጠበቃ ነሽ። የፈረሙብሽን ሰዎች ስም በወረቀቱ ላይ አነበብሽ። ሲፈርሙ ምን ብለው እንዳስፈራሯቸው፣ ማን የማንን ልጅ ይዞባቸው እንደነበር ግን አላየሽም። ከመካከላቸው እንደ አያ ሽባባው ያለ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል፤ ሁሉም ፈርተው ብቻ ፈርመው ይሆናል። ጠበቃውም የሽማግሌውን ልብ ያወቀው በኋላ ነው። ጠርሙሱን የመታው ከሃዲ ናቸው ብሎ እያመነ፣ እየጠላቸው ነበር።

ድካሜ ለማን ነበር አልሽኝ። ለእነሱ ነበር፤ ለፈረሙብሽ። ከዚህ የተሻለ መልስ ቢኖረኝ አልነፍግሽም። ወደ ሥራሽ ይመልሱሻል ብዬ አላጽናናሽም፤ ያ ወንዝም አልጠራም። ግን ከፈረሙት ሴቶች አንዷ ነገ ትንፋሽ ያጠራት ሕፃን ታቅፋ ደጅሽ ብትቆም፣ በሩን ከመክፈትሽ በፊት ለምን እንደፈረመች ትጠይቂያታለሽ?

እንደማትጠይቂያት አውቃለሁ። የሚያቃጥልሽም እሱ ነው።