ድንኳን የተሳሳቱ ለቀስተኞች

አንድ በካርታ ጨዋታ የታወቀ ሰው ነበር። ስሙ ጋሽ ስንሻው ይባላል። እርሻ የለው፣ ሱቅ የለው፤ ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር ተጫውቶ በላ፣ ፖከር ተጫውቶ ልጅ አሳደገ። ቁማር ደግ ነው አልልም፤ የስንቱን ቤት አፍርሷል፤ የሱም ሚስት ጦሟን ያደረችበት ቀን ነበር። ግን ሰውየው አንድ ወግ ነበረው። የረታውን ሰው ተቀምጦ አያሰናብትም። ተነሥቶ፣ ኮቱን አልብሶ፣ እስከ ደጅ ይሸኘዋል። «የተሸነፈ ሰው ብቻውን አይወጣም» ይል ነበር። ጓደኞቹም ይህን ወግ ከሱ ተማሩ።

አርጅቶ ሞተ። ልጁ ታምሩ የሰፈሩ እድር ዳኛ ሆኖ ነበርና የቁማርተኛ ልጅ መባልን ፈራ። ዳኝነት ሲመጣ ያደገበት እንጀራ ይረሳል መሰለኝ። አልቃሿን እትዬ አመለወርቅን ወደ ጓዳ ጠራት።

«እትዬ፣ ነጋዴ ነበር ብለው ያልቅሱልኝ። ካርታ የሚባል ነገር ከአፍዎ እንዳይወጣ።»

«ምን ነገደ ልበል?»

«ቡና ይበሉ።»

«ስንሻውን ቡና ሲጠጣ እንጂ ሲሸጥ ያየው አለ?»

«እባክዎ፣ ስሜን ያድኑልኝ!»

«ዛሬ የምንቀብረው አባትህን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስምህን ልንድር ነው» አለችው። ቢሆንም የሐዘን ቤት ነውና እሺ አለች።

በአገራችን ደረቅ ለቅሶ ከድህነት ይከፋል። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ድንኳኑ ሞላ። ከስንሻው ጋር ዕድሜ ልካቸውን የተጫወቱ ሽማግሌዎችም ከሌላ ከተማ መጥተው፣ የማያውቁትን ቤቱን በሰው ጠይቀው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። አመለወርቅ ድምጿን አወጣች፤

«የቡናው ነጋዴ፣ የሚዛኑ ጌታ፣
ጆንያው ተደርድሮ ጠበቀህ በተርታ።»

አንድ ዓይን እንኳ አልረጠበም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠው ባሻ ወንድይፍራው ወደ ጎረቤቱ ጠጋ አለ።

«ድንኳን ተሳስተናል።»

«እኔስ ምን አልኩህ? ከወንዙ ማዶም ለቅሶ አለ ሲሉ ነበር። የኛ ሰውዬ እዚያ ነው።»

«ተነሡ እንጂ ታዲያ! ሳንደርስ ሊቀብሩት ነው!»

የቡና ነጋዴውን ነፍስ ይማር አሉና ተከታትለው ወጡ።

ታምሩ ጀርባቸውን አየ። አባቱን ከልብ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ነበሩ። አሁን የቀረው ሰው ለዳኛው ብሎ የመጣ ነው። ወደ አመለወርቅ ሮጠ።

«እትዬ፣ ጥለውት ሄዱ እኮ!»

«ማንን? የቡናውን ነጋዴ? ምናቸው ነው?»

«አባቴን!»

«አባትህን ከሆነ የምትፈልገው እኔም አለሁ፤ አውቀዋለሁ።»

«እንደሚያውቁት ያልቅሱት» አለ፤ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

አመለወርቅ ከድንኳኑ ወጥታ ድምጿን ወደ መንገዱ ለቀቀችው፤

«ባዶ እጁን ይዞ ንጉሥ ያስደነገጠ፣
ሞት ፊቱ ቢቀመጥ ካርታውን ገለጠ።»

ባሻ ወንድይፍራው መንገዱ መሐል ቆመ። ባርኔጣውን መሬት ላይ ጣለ።

«አንተ ውሸታም! ያን ቀን ባዶ እጅህን ነበርክ ለካ! ሁለት የንጉሥ ካርታ ይዤ ነው እኮ አስፈራርተህ ያስጣልከኝ!» እያለ፣ ደረቱን እየደቃ ተመለሰ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ያኔ ድንኳኑ አለቀሰ። ካለቀሰም በኋላ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ከስንሻው በፊት የሄዱትን ጓደኞቻቸውንም አነሡ፤ ካርታ ሲያምርለት ጆሮው የሚቀላውን ሻምበል ጎንጤን፣ ንግሥት በደረሰችው ቁጥር የሚያስነጥሰውን አጭሩን ነጋሽን። የተረሳ የለም። ታምሩም ዳኝነቱን ረስቶ፣ እንባውን እየጠረገ፣ «እሱስ? አባቴስ ምን ያደርግ ነበር?» እያለ ይጠይቃቸው ጀመር።

የእድሩ ወጣቶች ሳጥኑን ሊያነሡ ሲመጡ ባሻ ከለከላቸው።

«ዞር በሉ። ዛሬ የተሸነፈው እሱ ነው።»

የስንሻውን ኮት ከቤቱ ግድግዳ ላይ አውርዶ ሳጥኑን አለበሰው። ሽማግሌዎቹ ተሸከሙት፤ ታምሩ ከፊት ገባ። መንገድ ላይ አንድ እንግዳ «ሟቹ ማን ነበሩ?» ቢል፣ «ካርታ ተጫዋቹ ስንሻው፤ አባቴ ነው» አለ፤ ቀና ብሎ።

ልብ በሉ። የሟችን ጥፋት ለመሸፈን የሌላ ሰው ልብስ ብታለብሱት፣ ከጥፋቱ ጋር ደግነቱም ይሸፈናል። ስንሻው ቁማርተኛ ነበር፤ ሰው ሸኝቶ የማይጠግብም ነበር። አንዱን ቆርጦ ሌላውን መቅበር አይቻልም።

አንተስ? ያፈርክባቸው አባትህ በሚቀበሩበት ቀን፣ ከልብ የሚወዳቸው ሰው ከሩቅ ቢመጣ፣ ድንኳንህን ያውቀው ይሆን?