ዓይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ

አንድ መሪጌታ ነበሩ። ፊደል ያወቁ ብቻ አይደሉም፣ ፊደል የሚወዱ ሰው ናቸው። ደብዳቤ ላይ «ንጉሡ» በእሳቱ ሰ ተጽፎ ካዩ የዚያን ቀን ምሳ አይበላላቸውም። ይሄ በሽታ ያለባችሁ እዚህም አላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ!

ሚስታቸው ወይዘሮ ዐጸደ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋረዳቸው። ከሩቅ የመጡ ሐኪሞች በነጻ እናክማለን አሉና ጤና ጣቢያው ሕመምተኛ መዘገበ። «ተራው የደረሰ ሰው ስሙ በኢንተርኔት ይወጣል። ስሙ ወጥቶ ሐሙስ ጠዋት ካልቀረበ ግን ተራው ለሌላ ያልፋል» ተባለ። ረቡዕ ረፋድ ላይ መሪጌታ፣ ልጃቸው ርብቃ ከሐዋሳ የላከችላቸውን ስልክ ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ።

ቁጭ አሉ፤ ግን ምን ያድርጉ? ከላይ አንዲት ነጭ ሳጥን ትታያለች። ውስጧ «ፈልግ» ይላል። ማንን ነው ፈልግ የሚለው? አዛዡስ ማነው? መሪጌታ «ሰው የሚጠየቀው በሥርዓት ነው» ብለው እንዲህ ጻፉ። «ለተከበራችሁ ሐኪሞች። እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የባለቤቴ ስም ወጥቶ እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ምን መጣ መሰላችሁ? የማመልከቻ አጻጻፍ ትምህርት! ያን ሲነኩት የሰርግ መጥሪያ ካርድ። እሱን ሲነኩት የፍራሽ ማስታወቂያ። ልውጣ ሲሉ ሌላ ገጽ ተከፈተ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ። «ኧረ በስመ አብ! ምን ጠይቄው ምን ይመልስልኛል?» አሉ መሪጌታ።

«አሁንስ ምን ይላል መሪጌታ?» አሉ ወይዘሮ ዐጸደ ከውስጥ።

«ፍራሽ ግዙ ይላል!»

አትሳቁ! እናንተስ መጀመሪያ የነካችሁት ቀን ስንት ጊዜ ጠፋባችሁ?

መሪጌታ ጨነቃቸውና ርብቃ ጋ ደወሉ። «አባባ፣ ሰላምታውን ይተዉት፣ ሰው እኮ አይደለም» አለቻቸው። «ነጻ የዓይን ሕክምና ይበሉና የከተማችንን ስም ይጨምሩ፣ በቃ።» ያለ ሰላምታ መጠየቅ ነውር ቢሆንባቸውም እንዳለቻቸው ጻፉ። መጣ! ስድስት መቶ አርባ ሰው የተደረደረበት ዝርዝር። በፊደል ተራ አልተቀመጠም፣ ዝም ብሎ ተዘርግፏል። ርብቃ ከገጹ ውስጥ ስም መፈለጊያው የት እንዳለ ነገረቻቸውና ከብዙ ድካም በኋላ አገኙት። «ዐጸደ» ብለው ጻፉ። በዓይኑ ዐ፣ በጸሎቱ ጸ። ትክክሉ እሱ ነዋ!

አልተገኘም።

ደገሙት። አልተገኘም። መነጽራቸውን ወልውለው ሠለሱት። አልተገኘም።

«ስምሽ የለም» አሉ መሪጌታ።

«እንግዲህ የርብቃን ልጅ መልኩን ሳላይ ልሞት ነዋ» አሉ ወይዘሮ ዐጸደ።

ርብቃ እንደገና ተደወለላት። «አባባ፣ እስቲ በአልፋው አ፣ በፀሐዩ ፀ ይሞክሩት። የጻፈው ሰው ፊደል አይለይ ይሆናል።»

መሪጌታ ቱግ አሉ። «ዐጸድ በአልፋው አ ነው ያለሽ ማነው? ሚስቴን በስሕተት ልጽፋት? አንቺን ፊደል ያስቆጠርሁሽ እኔ አይደለሁም እንዴ!» ብለው ስልኩን ዘጉባት።

ምን ነካቸው? ሚስት ትበልጣለች ወይስ ፊደል? እሳቸውም ግራ ገብቷቸው ነበር እኮ። ስልኩን ያነሡታል፣ መልሰው ያስቀምጡታል። በትክክል የጻፈ ሰው እንዴት ያጣል? ከልጅነት እስከ ሽበት የተማሩት ሁሉ ምን ሊሆን ነው? የተሳሳተ ሰው አግኝቶ ያልተሳሳተ ሰው ሊያጣ ነው?

ወይዘሮ ዐጸደ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡና አጠገባቸው ተቀመጡ። «መሪጌታ» አሉ፣ «ሰው ሲጠራኝ በየትኛው ፊደል እንደጠራኝ አጣርቼ ነው እንዴ አቤት የምለው? በፈለጉት ይጥሩኝ። እኔ አቤት እላለሁ።»

በዚህ ጊዜ መሪጌታ ተሸነፉ። ኃጢአት የሚሠሩ እየመሰላቸው፣ «አፀደ» ብለው ጻፉ። ሦስት አፀደ መጣ። ሦስተኛዋ አፀደ ወንድይፍራው፣ ተራ ቁጥር አራት መቶ ዐሥራ ሁለት! የሚስታቸው ስም ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበረ። መሪጌታ ስልኩን አቅፈው አለቀሱ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ የሚስታቸውን እጅ ይዘው ሐኪሞቹ ደጅ ላይ ቆመው ነበር።

ወገኖቼ፣ ስልኩ ያለው «አልተገኘም» ነው። «የለም» ያሉት መሪጌታ ናቸው። ልዩነቱ ገባችሁ?

ስንቶቻችሁ ናችሁ አንድ ጊዜ ፈልጋችሁ፣ እሱንም በራሳችሁ ፊደል ብቻ ፈልጋችሁ፣ «የለም» ብላችሁ የተቀመጣችሁ? «ጸለይሁ፣ መልስ የለም» ትላላችሁ። የለም? ወይስ እናንተ በጻፋችሁበት አልመጣም?

«ወንድሜ በድሎኝ ይቅርታ አልጠየቀኝም» ትላላችሁ። እርግጥ ነው፣ ቃሏን አላላትም። ግን ታማችሁ በተኛችሁበት ክረምት ማሳችሁን ያረመላችሁ ማነው? ለቅሶ ላይ ድንኳኑን ከሁሉ ቀድሞ የተከለው ማነው? እናንተ ግን በዓይኑ ዐ ካልተጻፈልኝ ብላችሁ አሁንም ስታኮርፉ ትኖራላችሁ።

ተኳርፋችሁ የመጣችሁ እዚህ ጉባኤ ውስጥ አላችሁ። አንዳችሁ በወንዶቹ በር ገብታችሁ ከአምዱ ኋላ ተደብቃችኋል፣ አንዳችሁ ወደ ፊት ቆማችሁ ላለመተያየት አንገታችሁን ደፍታችኋል። ዛሬ ስትወጡ ሂዱና አናግሩት። ምን እንደምትሉት ባታውቁም፣ ምላሳችሁ ቢተሳሰርም፣ ቃሉ ቢበላሽባችሁም ሂዱ። ይችን ቀን ስንት ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ፊደል አይቆጥርባችሁም።