አሚን ያጣው የጨው ገበያ ዱዓ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። ይህን ለመድረሳችን እህቶች የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አስቀድሜ አውፍ በሉኝ እላለሁ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ የትኛውን ሀ የት እንደማስገባም እስካሁን ግራ ይገባኛል። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ታሪኩ ግን ያማረ ነው፤ ብቻ እኔ አላበላሸው።

በአንድ የድሮ ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ የጨው ነጋዴ ነበሩ። አላህን ፈሪ፣ ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ከተማ ነጋዴዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ እሳቸው ዱዓ ካላደረጉበት፣ ሌላውም አሚን ካላለበት ስምምነቱ አይጸናም ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ሸምሲያ የምትባል፣ አባት የሌላቸው የቲሞች የምታሳድግ ሴት ከሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት ጨው መሸጥ ጀመረች። ሌሎቹ ነጋዴዎች ሙሉ አሞሌ ካልሆነ አይሸጡም። እሷ ግን ፈጭታ በእፍኝ ትሸጣለች፤ ዋጋዋም ረከስ ይላል። ድሃው ሁሉ ወደ እሷ ጎረፈ። ከሐጂ ሱቅ ዝንብ እንኳ ጠፋ።

ታዲያ የነጋዴዎቹ አለቃ ሙሄ፣ ጓደኞቹንና አንድ ሙክት አስከትሎ ሐጂ ዘንድ መጣ።

“ሐጂዬ፣ ከሁላችንም የተጎዱት እርስዎ ነዎት” አላቸው። “ተባብረን ከእሷ አርክሰን እንሽጥ። ለጊዜው እንከስራለን፤ ግን እሷ አቅም ስለሌላት ትዘጋለች። ከዚያ ዋጋውን እንዳሻን እንሰቅለዋለን። ዱዓ ያድርጉልንና እንጀምር።”

“እምቢ ብልስ?”

“ያኔማ እርስዎንም እንደ እሷ ነው የምናይዎት። ጨው የሚያመጡት ግመሎች የኔ መሆናቸውን ያውቃሉ።”

ሐጂ ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ።

“ዱዓ ሐጃን፣ የልብን ፍላጎት፣ በግልጽ መናገር ነው፤ አላህ ፊት አይደባበቅም። እስቲ ልጠይቃችሁ። ‘ያ ረብ፣ የሸምሲያን የቲሞች ጦም አሳድርልን’ ብል አሚን ትላላችሁ?”

ሙሄ ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

“‘የድሃውን ወጥ ጨው ንሳው፣ የእኛን ቦርጭ ግን ጨምርልን’ ብልስ?”

አንዱ እጁን ቀስ አድርጎ ጋቢው ውስጥ ከተተ። ሌላው ሳቁን ለመደበቅ አሳለ። ይሄኔ ሙክቱ “ባአ!” አለ።

“ሙሄ፣ አሚን ያለልህ በጉ ብቻ ነው” አሉ ሐጂ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሙሄ ሊቆጣ ጀምሮ ሳቁ አመለጠው።

“እና ምን እንሁን ሐጂ? ደንበኛ እኮ አለቀብን!”

“እሷ ያወቀችውን እንወቅ። ድሃ ሙሉ አሞሌ መግዣ እንደሌለው ይህን ሁሉ ዘመን ነግደን አላየንም፤ እሷ ትናንት መጥታ አየች። ነገ እኔም ፈጭቼ በእፍኝ እሸጣለሁ። የተሻለ ካቀረብኩ ደንበኛ ይመለሳል። ካላቀረብኩ ሐቋ ነው።”

“በጉስ?”

“ውሰደው፣ ሰደቃ አውጣበት። ጨውን ግን ከሸምሲያ ግዛ።”

አሚን ያልተባለበትን ነገር ማንም አልደፈረም፤ ሙሄም ግመሎቹን አልከለከለም። ሁሉም መፍጨት ጀመሩና ጨው በከተማው ረከሰ። ሸምሲያም በሱቋ ልጆቿን አሳደገች። ሐጂ ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ እንዲህ ይሉ ነበር፦

“ገበያ የአላህ ደጅ ነው። ሌላው እንዳይገባ የሚዘጋው ሰው ራሱም ውጭ ይቀራል።”

እኔ ይህ ንግግር ለሚዘጉት ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ሪዝቅ፣ ማለትም ሲሳይ፣ የሚሰጠው አላህ ከሆነ የሌላውን መንገድ መዝጋት በአላህ ስጦታ መጠራጠር ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን ሳስበው፣ ደጁ ክፍት ሆኖ ሳለ አፍሮ ውጭ የሚቆምም አለ። እሱን ማንም አልከለከለውም።

በሰፈራችን ሳሙና የሚሸጠው አጎቴ ብቻ ነው። ረጅሙን የልብስ ሳሙና ቆርጦ አይሸጥም፤ ጎረቤቶቻችን ሲለምኑት “ሙሉውን ውሰጂ ወይ ተይው” ይላል። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ እኔ ከአጎቴ ሱቅ ፊት ለፊት ቁራጭ ሳሙና መሸጥ እፈልጋለሁ።