ጋሻው እስኪወርድ

አንዲት ሴት ነበረች። ዶክትሬቷን ጨርሳ ጅማ ከተማ ባለ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ምርምር ትሠራለች። ሥራዋ በሰው አንጀት ውስጥ በሚኖሩ፣ በዓይን በማይታዩ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። ከእነዚህ መካከል መድኃኒት የማይገድላቸው አሉ፤ ጋሻ ይዘዋል። የእሷ ሐሳብ ያን ጋሻ ማስጣል ነው።

እንዴት ይጣላል? ጋሻ ሸክም ነው፣ ወገኖቼ። ጠላት በማይመጣበት አገር ጋሻ ተሸክሞ የሚኖር ይደክማል። ስለዚህ በየጠዋቱ ከትናንቱ ብልቃጥ አንዲት ጠብታ ትወስድና መድኃኒት ያልነካው አዲስ መረቅ፣ ባክቴሪያዎቹ የሚራቡበት ምግብ፣ ውስጥ ትጨምራለች። ነገም እንዲሁ። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ጋሻቸውን የጣሉት ቀለል ብሏቸው ይራባሉ፤ የተሸከሙት እያነሱ ይሄዳሉ።

ይህች ሴት ደብረ ሲና የሚኖር አባት አላት። አራት ዓመት አላናገራትም።

ለምን? እናቷ በትኩሳት ስትታመም አባቷ ኪኒን ገዛላት። ትኩሳቱ በረድ ሲል ግማሹን በጨርቅ ቋጥሮ «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» ብሎ አስቀመጠው። በየቤታችን የምናደርገው ይህንኑ አይደል? ትኩሳቱ ተመለሰ። ቋጠሮው ተፈታ፤ ያልሞቱት ባክቴሪያዎች ግን ጋሻ ይዘው ነበርና መድኃኒቱ አልሠራም፤ እናት ሞተች። ልጅቷ ለቀብር ደርሳ ነገሩን ሰማች። ድንኳኑ ውስጥ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ «አባባ፣ እናቴን የገደልካት አንተ ነህ» አለችው።

ትምህርቷ ልክ ሊሆን ይችላል። ሰውዬው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሻውን አነሣ።

ድሮ «ወለላዬ» ነበር የሚላት። መረቁን ስትቀዳ ያ ድምፅ ትዝ ይላትና እጇ ይቆማል። እሑድ እሑድ አባቷ ጋ ለምትኖረው እህቷ ለአስካለ ትደውላለች። አስካለ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ መደቡ ላይ ታስቀምጠዋለች። ልጅቷ ስለ ጅማ ታወራለች፤ ከወዲያ የአባቷ ሳል ብቻ ይሰማል። ያን ሳል ለመስማት ሳምንቱን ሙሉ ትጠብቃለች።

የመረቁ ሥራ አርባኛ ቀኑን ሲይዝ ትዕግሥቷ አለቀ። ደንቡ ጥቂት ጠብታ አውጥቶ ለብቻ መፈተን ነው። እሷ ግን ቸኩላ መድኃኒቱን እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ጨመረችው። በማግስቱ ጋሻቸውን የጣሉት ሁሉ ሞተዋል። ጋሻቸውን ይዘው የቀሩት ጥቂቶች ግን ተራብተው ብልቃጡን ሞልተውታል። የቀድሞው ቀን ብልቃጥ ደግሞ ታጥቧል፤ የምትመለስበት የለም።

ላቦራቶሪውን ሠላሳ ዓመት ያገለገሉት ጋሽ ቱሉ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት።

«ዶክተር፣ የዘራሽውን እየቆፈርሽ ነው እንዴ በቀለ አልበቀለ የምትዪው?»

«በቅቷቸዋል ብዬ ነው፣ ጋሽ ቱሉ።»

«የሚበቃቸውን እነሱ ያውቃሉ። አንቺ መረቅሽን ቅጂ።»

ተቀመጠች። ያለፈው እሑድ ትዝ አላት። ስድስት ወር በሰላም ስታወራ ቆይታ፣ ያን ቀን «አባባ፣ እስከ መቼ ነው የምታኮርፈኝ?» ብላ ነበር። ሳሉ ቆመ። በርጩማ ሲገፋ ሰማች። «ወጣ» አለቻት አስካለ፤ «ምን ነካሽ አንቺ? ደህና ተቀምጦ ሲሰማሽ።»

ሁለቱንም፣ መረቁንም የአባቷንም ነገር፣ እንደገና አንድ ብላ ጀመረች። በሚቀጥለው እሑድ «አባባ፣ በለቅሶው ቀን የተናገርኩት በደል ነው» አለችው። መልስ አልጠበቀችም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሥራ መልስ ትደውላለች። ስለ ገበያው፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያዋ፣ ስለ ጋሽ ቱሉ ቀልድ ታወራለች። ምንም አትጠይቀውም።

ሰኔ ሲገባ፣ አንድ ቀን አስካለ ስልኩን መደቡ ላይ ትታ የተሰጣ ልብስ ልታነሣ ወጣች። ሳል ተሰማ። ከዚያ፣

«እዚያም ዝናቡ ጀመረ?»

ስንት ነገር ከንፈሯ ላይ መጣ። ይቅር ብለኸኛል? ናፍቄህ ነበር? ታዲያ ምን ያለችው ይመስላችኋል?

«ጀመረ አባባ። ከትናንት ወዲያ።»

«ደግ» አለ።

ወለላዬ አላላትም። ገና ነው። እሷም በማግስቱ ጠዋት መረቋን ቀዳች።

ወገኖቼ፣ እናንተስ የማን ሳል ናፍቋችኋል? ስንቶቻችን ነን ይቅርታ ጠይቀን ሳናድር «ታዲያ ታረቅን?» የምንል? ስንቶቻችን ነን ሰላምታ ልከን መልሱ ዘገየ ብለን የተቆጣን? የቆሰለ ሰው ጋሻውን የሚያወርደው ስለጠየቅነው አይደለም። ማንም እንደማይወጋው ቀስ ብሎ፣ በራሱ ጊዜ፣ ሲያምን ነው።

እግዚአብሔር እኛን እንዴት ታገሠን? በየጠዋቱ ፀሐዩን ሲያወጣልን «ልባችሁ ለስልሷል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ነው?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደውሉ። የበደላችሁትን በደልኩ በሉ፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ አውሩ። ሳል ብቻ ብትሰሙ፣ ነገም ደውሉ።